ፊት የሌለው ሽማግሌ

«እዚህ ጋ ነው የምትጽፊው» አሉ መምህር ወልደጊዮርጊስ፣ በጣታቸው የካርዱን ባዶ መስመር እያሳዩ። «የፈጠራው ባለቤት ከሚለው ቀጥሎ። ስምሽን ከነአባትሽ። ጽሑፍሽ ደግሞ ይነበብ፤ የባሕር ዳር ሰው እንደኔ አይታገሥሽም።»

ቃልኪዳን እስክሪብቶውን አነሳች፤ አልጻፈችም። ጠረጴዛው ላይ፣ ከካርዱ አጠገብ፣ ከወይራ እንጨት የተቀረጸ ጣት የሚያህል የቼዝ ጠጠር ቆሟል። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በትሩን የተመረኮዘ ሰው ነው፤ ስሙም «ሽማግሌ» ይባላል። እሑድ ባሕር ዳር በሚከፈተው የተማሪዎች ኤግዚቢሽን ትምህርት ቤታቸውን ወክሎ የሚቀርበው እሱ ነው፤ ይዛው የምትሄደው ደግሞ ቃልኪዳን። እናቷ ወርቅነሽ ለመንገዱ አዲስ ጫማ ገዝታላታለች። ለእድሩ ሴቶች ሁሉ አውርታ ስለጨረሰች፣ አሁን ለእድሩ ባሎች ማውራት ጀምራለች።

ሽማግሌውን የፈጠረችው ግን ቃልኪዳን አልነበረችም።

መምህሩ ሥራውን የሰጡት በታኅሣሥ ነበር። «ሦስት ሦስት ሆናችሁ በቼዝ ውስጥ የሌለ ጠጠር ፍጠሩ። ስም፣ አካሄድና መልክ ስጡት» አሉ። ለቃልኪዳን የደረሷት ማሩና ይሻው ናቸው። ማሩ ከደብረ ታቦር ገበያ ጀርባ የሚኖር፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነው። ይሻው ከጋፋት በእግሩ እየተመላለሰ የሚማር፣ ካልጠየቁት የማይናገር ነበር።

«ድሮን ይሁን! ከላይ መጥቶ ድም! ንጉሡ አለቀለት» አለ ማሩ።

«ሁሉም እኮ የሚበላ ነው» አለ ይሻው። «የማይበላ አንድ እንኳን የለም።»

«ካልበላ ምን ሊሠራ?»

«ያስታርቃል። ሽማግሌ ነው። አንድ አንድ እርምጃ ወደ ፈለገበት ይሄዳል፤ ማንንም አይበላም። በሁለት ጠላቶች መሃል ከቆመ ግን እነሱም መበላላት አይችሉም።»

«እሱንስ መብላት ይቻላል?» ብላ ጠየቀች ቃልኪዳን።

«ይቻላል። ግን የበላው ሰው አንድ ተራ ያልፈዋል።»

«ለምን?»

«ሐዘን ነዋ! ሽማግሌ ገድለሽ ወዲያው ልትጫወቺ ነው?»

ማሩ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ሐሙስ ይሻው ነጩን ቀርጾ አመጣ፤ ጥቁሩን ሰኞ አመጣለሁ አለ። ሰኞ ግን ቀረ። ውቂያ ይዞት ነው ብለው አሰቡ። መምህሩ ጠጠሩን አገላብጠው አዩት፣ አካሄዱንም ሰሙ። ከዚያ «ይሄ የማን ሐሳብ ነው?» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ያለው አድናቆት ቃልኪዳንን አስጎመጃት።

«የኔ» አለች።

ማሩ ዞሮ አያት። እሷም አየችው። ይሻው ሲመጣ እነግረዋለሁ፣ እንደልማዱ ይስቅና ያልፈዋል ብላ ነበር። ይሻው አልመጣም። ሦስት ቀን በትኩሳት ተኝቶ በአራተኛው ቀን ሞተ።

ለቅሶው ላይ ክፍሉ በሙሉ ጋፋት ወረደ። አልቃሿ እትዬ ውድነሽ ግጥም ከማውረዳቸው በፊት እንደ ወጉ የሟቹን ሥራ ይጠይቃሉ። ገበሬ ከሆነ በሬዎቹን፣ ካህን ከሆነ ዜማውን ያቀብሏቸዋል፤ እሳቸው ያንን በግጥም እያወረዱ ሕዝቡን ያስለቅሳሉ። ያን ቀን የይሻውን ዩኒፎርም ከፍ አድርገው ያዙና ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «እናንተ የትምህርት ቤት ልጆች፣ ምን ሠርቶ ነበር ልጃችን? አቀብሉኝ እንጂ!» አሉ። ማሩ መሬት መሬት አየ። ቃልኪዳንም እንዲሁ። እትዬ ውድነሽ ጥቂት ጠበቁና፣ ለሽማግሌ ታዛዥ እንደነበር፣ ቁመቱ ገና እየተመዘዘ እንደነበር ብለው ወደ ሌላው አለፉ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በአራት ስንኝ አለቀ።

ሲመለሱ ማሩ «ከእንግዲህ ምን ያደርግለታል? እሱ እንደሆነ አይሰማ» አላት። ያኔ እውነቱን ነው ብላ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እህል አይጥማትም።

ካርዱ ገና ባዶ ሳለ የመምህሩ ቢሮ በር ተንኳኳ። ጋቢ የለበሱ፣ በትር የያዙ ረጅም ሰው ኮፍያቸውን አውልቀው ደጃፉ ላይ ቆሙ። የይሻው አባት አቶ አዳነ ናቸው። መምህሩ ብድግ ብለው ወንበር አቀረቡ።

«አልቀመጥም፣ የኔታ። እሑድ አርባው ነው። እናቱ፣ ከትምህርት ቤቱ የልጄ እጅ ያረፈበት ነገር ካለ አምጣልኝ ብላ ልካኝ ነው።»

መምህሩ ከቁም ሳጥኑ ሁለት ደብተር ፈልገው ሰጧቸው። አቶ አዳነ ደብተሮቹን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ተሳለሟቸው። ሊወጡ ሲሉ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«የዚች ልጅ ፈጠራ ነው። ሽማግሌ ይባላል፤ ሲጫወቱበት ጠላቶችን ያስታርቃል» አሉ መምህሩ በኩራት።

አቶ አዳነ ጠጠሩን አንስተው በአውራ ጣታቸው ጋቢውን፣ በትሩን ዳበሱ። «አቤት እጅ!» አሉ። «የሰው ልጅ ሲባረክ እንዲህ ነው። እደጊ ልጄ። እጅሽ ይባረክ።» ጠጠሩን ቀስ አድርገው ወደ ቦታው መለሱና ወጡ።

ቃልኪዳን እጇን አየች። ለሌላ ሰው የተገባ ምርቃት ተቀብላ ቁጭ ብላለች። እስክሪብቶውን አስቀመጠችና «መጣሁ» ብላ ሮጠች።

አቶ አዳነን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሰችባቸው።

«አባባ፣ ውሸት ነው። እኔ አይደለሁም። ይሻው ነው የቀረጸው። ሐሳቡም፣ ስሙም የሱ ነው። ሲታመም፣ በሌለበት የኔ ነው አልኩ።»

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። ቢቆጧት በቀለላት ነበር። እሳቸው ግን ከአጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ደብተሮቹን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ።

«ከራስጌው አንድ እንጨት አግኝተናል» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ይመስላል፤ ፊት ግን የለውም። በጥላሸት አጥቁሮታል። ምን እንደሆነ አላወቅነውም። እናቱ ይዛው ነው የምታድር።»

«ጥቁሩ ነው፣ አባባ። ሰኞ አመጣዋለሁ ብሎን ነበር።»

«ሽማግሌ አልሽኝ?»

«እሱ ነው ያለው።»

«ማንን አይቶ ነው ታዲያ?»

ቃልኪዳን ትከሻቸው ላይ ያለውን ጋቢ አየች፤ ጉልበታቸው ላይ የተጋደመውን በትር አየች። ደም የተቃቡ ሰዎችን ለማስታረቅ አገር ላገር የሚዞሩ አባት እንዳሉት ይሻው አንድ ቀን ነግሯታል።

«እርስዎን ነዋ» አለች።

አቶ አዳነ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ትከሻቸው ሲርገበገብ ቃልኪዳን የምታደርገው ጠፍቷት አጠገባቸው ቆማ አለቀሰች። ሲነሡ ዓይናቸውን ጠርገው፣ «እሑድ ነይና ይህንን ለሰው ንገሪልኝ» አሏት። «አልቃሿም ትመጣለች። አገሩ ልጄን ሳያውቀው ነው የቀበረው።»

እሑድ። ባሕር ዳርም እሑድ ነው። እሳቸው ይህን አያውቁም፤ እሷም አልነገረቻቸውም።

ቢሮ ተመልሳ እስክሪብቶውን አነሳችና ባዶው መስመር ላይ «ይሻው አዳነ» ብላ ጻፈች። መምህር ወልደጊዮርጊስ አነበቡት። ሁሉንም እስክትነግራቸው ድረስ ቀና አላሉም።

«ዓይን ዓይንሽን እያየሁ ነበር እኮ የጠየቅሁሽ» አሉ።

«አዎ፣ መምህር።»

አድናቆታቸው የት እንደገባ ፊታቸው ላይ ፈለገች፤ አጣችው። «እንግዲያው በሱ ስም ታቀርቡታላችሁ» አሉ። «አንቺና ማሩ። አካሄዱን ከአንቺ በላይ የሚያስረዳ የለም፤ መኪናውም ተይዟል።»

መሄድ ትችላለች ማለት ነው። ጫማውም አይባክንም፣ እናቷም አታፍርም። ቃልኪዳን ጠጠሩን አየችው።

«ማሩ ይሂድ፣ መምህር። አንድ ተራ ያልፈኛል። የበላሁት እኔ ነኝ።»

እናቷ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረቻትም። እሑድ ማለዳ ግን ቃልኪዳን አሮጌ ጫማዋን ስታጠልቅ አዲሱን ከሳጥኑ አውጥታ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው። «ሐዘን ቤት በዚህ አሮጌ አይኬድም» አለች።

የጋፋት መንገድ አቧራማ ነው። ጫማው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ መልኩ ጠፋ። ቃልኪዳን የምትለውን እየደጋገመች ሄደች፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የመጀመሪያው ቃል ላይ ድምጿ ይሰበራል። ድንኳኑ ሲታያት ልመለስ እንዴ አለች። አልተመለሰችም።

የይሻው እናት ድንኳኑ መሃል ተቀምጠዋል። መዳፋቸው ውስጥ ጥላሸት የጠገበ እንጨት አለ፤ ጋቢ አለው፣ በትር አለው፣ ፊት የለውም። ቃልኪዳን ነጠላዋን አስተካክላ በሰዎቹ መሃል አልፋ ከእትዬ ውድነሽ ፊት ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነኝ» አለች። «ያን ቀን ሥራውን አቀብሉኝ ሲሉ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»