ቆጠራ እምቢ ያለችው ቦንቱ

ጆሮ ያለው ይስማ፣ ጥርስ ያለው ይሳቅ!

ከሸንኮራ ማሳ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቤት አለች። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሸንኮራው «ሿ… ሿ…» እያለ ያንሾካሹክላታል።

በዚያች ቤት ውስጥ ቦንቱ ከአያቷ ከአባባ ጉደታ ጋር ትኖራለች።

አባባ ጉደታ የማይቆጥሩት ነገር የለም። ጠዋት ጫጩቶቹን ይቆጥራሉ። ከሰዓት በኋላ ዛፉ ላይ ያሉትን ሎሚዎች ይቆጥራሉ።

ማታ ቦንቱ ልትተኛ ስትል ደግሞ ጥርሶቿን ይቆጥራሉ።

«ክፈቺ እስቲ፣ የኔ እመቤት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሃያ! አንድም አልጎደለ። ደህና እደሪ።»

የራሳቸው ጥርስ ግን ሦስት ብቻ ነው። እሱን ለመቁጠር ብዙም አይደክሙም።

አንድ ቀን የቦንቱ የፊት ጥርስ መነቃነቅ ጀመረ። ነቅነቅ፣ ነቅነቅ… ግን አልወደቀም።

ቦንቱ ደስ አላት! በመንደሯ የልጅ ጥርስ ሲወልቅ ጣራ ላይ ይወረወራል። ነጩ ወፍ፣ ሳቢሳ፣ መጥቶ አሮጌውን ይወስድና አዲስ ይሰጣል ይባላል።

«እስቲ አሳዪኝ» አላት የጎረቤቷ ልጅ ኦብሳ። ቦንቱም «አአአ» ብላ አሳየችው።

«ውይ! ጥቁር ነጥብ አለው!» አለ ኦብሳ። «ሳቢሳ እኮ ቆሻሻ ጥርስ አይወስድም። እንደ አባባ ጉደታ በድድሽ መቅረትሽ ነው!»

ቦንቱ አፏን ግጥም አደረገች።

ጥርሷ እንዳይወድቅባት ብላ መፋቂያዋን አልጋ ሥር ደበቀችው። ሸንኮራውን ግን አልተወችም። በሌላው ጎን ማኘክ ይቻላላ!

ማታ አባባ ጉደታ መጡ። «ክፈቺ እስቲ፣ የኔ እመቤት።»

«እምምም!» አለች ቦንቱ።

በማግስቱም «ክፈቺ እስቲ፣ የኔ እመቤት» አሏት። ቦንቱም «እምምም!»

ጥርሱም ነቅነቅ፣ ነቅነቅ… ግን አልወደቀም።

አባባ ጉደታ እንቅልፍ አጡ። ሳይቆጥሩ መተኛት አይሆንላቸውማ!

ሲነጋ የቦንቱን እጅ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ግራና ቀኝ ሸንኮራው «ሿ… ሿ…» ይላል።

ነርሷ ሲስተር ዘውድነሽ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጭ ልብሳቸው ጭጋጉ ውስጥ እንደ ደመና ይታያል።

«ሲስተር፣ ይቺ ልጅ የጥርስ ቆጠራ እምቢ አለችኝ!» አሉ አባባ ጉደታ።

«ታዲያ ሁልጊዜ እርስዎ ብቻ ለምን ይቆጥራሉ?» አሉ ሲስተር። «ዛሬ ደግሞ እሷ ትቁጠር።»

ለቦንቱ ትንሽዬ የእጅ ባትሪ ሰጧት። ከዚያ ዝቅ ብለው ተቀመጡና የራሳቸውን አፍ ከፈቱ። «አአአ!»

ቦንቱ ባትሪውን አበራች። ነጫጭ ጥርሶች በሰልፍ ቆመዋል።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…» ከአፋቸው ጓዳ፣ ከኋላ ጥርሶቹ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። «ሲስተር! እዚህ ጋ አንዱ የለም!»

አፏን መዝጋቷን ጭራሽ ረስታዋለች!

«አዎ፣ የለም» አሉ ሲስተር። «ልጅ ሳለሁ ከረሜላ ጎርሼ እተኛ ነበር፤ ጥርሴ ተበላሽቶ ተነቀለ። በልጅ ጥርስ ፋንታ የሚበቅለው ትልቅ ጥርስ ደግሞ አንዴ ከሄደ ሄደ ነው።»

«ሳቢሳም አያመጣውም?»

«ሳቢሳም አያመጣውም።»

የቦንቱ ዓይን እንባ ሞላ። «የኔም ጥቁር ነጥብ አለው። ሳቢሳ አይወስደውም። እንዳይወድቅ ብዬ መፋቅ ተውኩ!»

«አይዞሽ፣ የኔ ቆንጆ። እስቲ አብረን እንየው።»

ቦንቱ ቀስ… ቀስ ብላ አፏን ከፈተች። ሲስተር ትንሽ መስታወት ያዙላት።

«ከሚነቃነቀው ጥርስ ኋላ ምን ይታይሻል?»

«ሩዝ የመሰለች ነጭ ነገር!»

«እሷ አዲሷ ጥርስሽ ናት» አሉ ሲስተር በቀስታ። «ከሥር ተኝታ ነበር። አሁን እየነቃች ነው። አሮጌው የሚወድቀው ለእሷ ቦታ ሊለቅላት ነው።»

«ልክ እንደ ሸንኮራው!» አለች ቦንቱ። «ሸንኮራም ሲቆረጥ ከሥሩ ሌላ ይበቅላል!»

«ልክ እንደ ሸንኮራው። ግን አዲሱ ሸንኮራ አረም ቢውጠው ያድጋል?»

«አያድግም! ይታረማል!»

«ጥርስም አረም አለው። ጣፋጭ በልተን፣ ሳንፋቅ ስንተኛ ይመጣል። ያ ጥቁር ነጥብ የእሱ ሥራ ነው።»

ሲስተር አንድ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አመጡ። አተር የምታህል የጥርስ ሳሙና አደረጉበት።

«ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ማታ ከመተኛትሽ በፊት። የሚነቃነቀውንም ቀስ ብለሽ። በይ አብረን እንበል፦ ላይ ላዩን፣ ታች ታቹን፣ ጓዳ ጓዳውን!»

«ላይ ላዩን፣ ታች ታቹን፣ ጓዳ ጓዳውን!» አለች ቦንቱ። ሽር፣ ሽር፣ ሽር። «እትፍ!»

«እርስዎም ይፋቁ፣ አባባ» አሉ ሲስተር።

«እኔ ደግሞ? ሦስት ለቀረኝ ሰው?»

«ሦስት የቀረው ሰውማ አንዱን እንኳ መጣል የለበትም!»

አባባ ጉደታ አሰቡ፣ አሰቡ። ሒሳቡ ልክ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አያትና ልጅ ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። ጨረቃ ከማሳው በላይ ቀስ ብላ ትወጣለች።

«ላይ ላዩን፣ ታች ታቹን፣ ጓዳ ጓዳውን!» ሽር፣ ሽር፣ ሽር። «እትፍ!»

አንድ ማታ፣ ቦንቱ እየፋቀች ሳለ፣ ጥርሷ ነቅነቅ፣ ነቅነቅ… ጠብ!

ወደቀ! ቦንቱ በውሃ አጠበችው። ጥቁሩ ነጥብ ግን አልለቀቀም።

«ሳቢሳ ባይወስደውስ?» አሉ አባባ ጉደታ።

ቦንቱ ምላሷን በክፍተቱ አስገባች። አዲሷ ጥርስ እዚያው ናት። ሩዝ ታህላለች፤ ትንሽም ሻከር ትላለች።

ያኔ እጇን ወደ ሰማይ አነሣች። «ሳቢሳ፣ ሳቢሳ! አሮጌውን እንካ፣ አዲሷን እኔ ራሴ እጠብቃታለሁ!»

ወረወረችው። ኳ! ኳ… ኳ… ኳ… ቆርቆሮው ላይ ተንከባለለና ዝም አለ።

አባባ ጉደታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ክፈቺ እስቲ፣ የኔ እመቤት።»

«አአአአ!»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ዐሥራ ዘጠኝ በአፍ። አንድ በጣራ። አንዲት ደግሞ መንገድ ላይ። ሒሳቡ ሞልቷል! ደህና እደሪ።»

ቦንቱ ተኛች። በሕልሟ አፏ ጸጥ ያለ ነጭ መንደር ሆነ።

ሲስተር ዘውድነሽ ትንሿን ባትሪ ይዘው በየደጁ ያልፋሉ። «ተፍቃችኋል?» ይላሉ። ጥርሶቹም «ተፍቀናል፣ ሲስተር» ይላሉ። «እንግዲያስ ደህና እደሩ።»

ጣራው ላይ ነጩ ሳቢሳ በቀስታ አረፈ። ጥቁሩን ነጥብ አየው፤ ግድ አልሰጠውም። ጥርሱን በመንቁሩ ያዘና ወደ ጨረቃ በረረ።

ውጭ ሸንኮራው «ሿ… ሿ…» አለ። አዲሷም ጥርስ ማንም ሳያያት ትንሽ አደገች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ ሳይሆን በውሃ አብሱ። ተፍቀን ጨርሰናላ!