የቋጠረው ይፍታው

ካሴ በወገዳ ከተማ፣ ገበያ ዳር ባለው ወፍጮ ቤት፣ በውስጠኛው ክፍል፣ ከትልቁ ሞተር ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። እጆቹ እስከ ክንዱ ግራሶ ጠጥተዋል፤ ቀኝ መዳፉ ላይ ኤሌክትሪክ የያዘው ቦታ ከግራሶው ይበልጥ ጠቁሯል። ዓይኖቹን አንድ ሰው ቀድሞ ከድኖለታል።

ኢንስፔክተር ሙሉወርቅ በሩን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። ከፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ እስከዚህ ያለው ዳገት አጭር ነው፤ ድካሟ ግን የዛሬ አልነበረም። በዚህ ዓመት ብዙ ሬሳ አይታለች። ይኼኛውን በሕይወቱ ታውቀው ነበር። የቢሮዋን ሬዲዮ ሲጠግንላት፣ ለሬዲዮ ሳይሆን ለታመመ ሰው እንደሚናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራለት ሰምታዋለች።

«ምን ይባላል፤ ራሱን ነው» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቶ ዳኛቸው ነው። ኮቱ ንጹሕ፣ እጁ የታጠበ፤ ግራ ዓይኑ ግን ቀልቶ አብጧል። እንባውን በመሐረብ ይጠርጋል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ውጭ የቆሙት ሴቶች «እግዜር ይስጠው፣ ለሠራተኛው እንዲህ የሚያለቅስ ጌታ የት አለ» እየተባባሉ ነበር።

«ራሱን ማለት?»

«የጦር አውሮፕላን ሬዲዮና ራዳር ሲጠግን የኖረ ሰው የወፍጮ ሞተር ይገድለዋል? ዋናውን ማብሪያ ሳያጠፋ እጁን ከተተ። አውቆ ነው። ከአየር ኃይል ከተሰናበተ ወዲህ ሥራ ፍለጋ ያላንኳኳው ደጅ የለም። ሁሉም ‹የሲቪል ማስረጃ አምጣ› አሉት። ተስፋ ቆረጠ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ሬሳውን ከማግኘቴ በፊት ዛሬ እዚህ ቤት እግሬ አልገባም። ስመጣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

ግቢው ውስጥ መምሬ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ሙሉወርቅ ስትወጣ ራመድ አሉ።

«ልጄ፣ ቁርጡን ንገሪኝ። ሬሳ አይቆይም። አገሩ ሁሉ ራሱን አጠፋ እያለ ነው። እንዲያ ከሆነ ፍትሐት ልፈታው አልችልም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም።»

የካሴ እናት እሜት አሰለፈች ከአጥሩ ሥር ተነሡ። «ልጄ ያለ ፍትሐት እንደ ከብት ሊቀበር? አይሆንም! እኔ ወልጄዋለሁ፤ አውቀዋለሁ!»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ እነግርዎታለሁ፣ አባቴ» አለች ሙሉወርቅ። ከዚያ ለምን እንዲህ ብላ ቃል እንደገባች ራሷም አላወቀችም።

ተመልሳ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የካሴ ሸሚዝ ሁለት የደረት ኪስ አለው። የግራው ተቆልፏል፤ ስትከፍተው የጋብቻ ቀለበቱንና የእጅ ሰዓቱን አገኘች። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቀለበቱን ከጣቱ እንደማያወልቅ አገር ያውቃል። የቀኙ ኪስ ክፍት ነው፤ ውስጡ የተጨማደደ ቀይ ጨርቅ አለ። ጨርቁን ወደ ብርሃን አወጣችው። መሐሉ ላይ ቋጠሮ ነክሶት የቆየበት ምልክት ይታያል፤ የግራሶ ነጥብ ግን የለበትም።

ወደ እናቱ ወሰደችው። «ይህን ያውቁታል፣ እሜት?»

«እንዴት አላውቀውም! ከአውሮፕላን ቤት ያመጣው ልማድ ነው። መብራት ሲያጠፋ ማብሪያው ላይ ይቋጥረዋል። ‹የቋጠረው ይፍታው፣ ሌላ ሰው አይንካው› ይል ነበር። እቤት አምፖል ሲቀይር እንኳ ይቋጥረዋል። ‹እኔና አንተ ብቻ ባለንበት ቤት ማንን ፈርተህ ነው?› እያልኩ እስቅበት ነበር።»

አሮጊቷ ጨርቁን ነጥቀው ፊታቸው ላይ ለጠፉት። ወዲያው ራቅ አደረጉት። «ኧረ! ኧረ ዓይኔን! ያቃጥላል!»

«ሐዘን ነው፣ እሜት፣ አይዞዎት» አሉ ሴቶቹ ደግፈው።

ሙሉወርቅ ጨርቁን ተቀብላ አሸተተችው፤ አስነጠሳት። በላስቲክ ጠቅልላ ያዘችው።

ከዚያ አበባውን ጠራችው። ካሴ እስኪመጣ ድረስ የከተማው ብቸኛ ኤሌክትሪክ ሠሪ እሱ ነበር።

«ከካሴ ጋር አትስማሙም ይባላል።»

«ይባላል። ‹ፓይለቱ፣ ክንፍህን የት ጣልከው?› እለው ነበር። እሱም ‹አንተ የቆጥ ዶሮ፣ ከአጥር በላይ በረህ ታውቃለህ?› ይለኝ ነበር።» ሊስቅ ጀምሮ ድምፁ ተሰበረ።

«ደንበኞችህን ወስዶብሃል።»

«ሊመልስልኝ ነበር። ደብረ ታቦር፣ ሆስፒታል፣ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ተቀጥሯል። ዕድሜውን ሙሉ ራዳር የነካ ሰው ከጎረምሶች ጋር ተኮልኩሎ የብቃት ምዘና ተፈተነ። ሲያልፍ እዚህ ደጃፍ ላይ እንደ ሕፃን ዘለለ። ‹አበባው፣ ድሮ የጠገንኩት አውሮፕላን ሲነሣ ልቤ አብሮት ይንጠለጠል ነበር፤ አሁን ደግሞ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በጠገንኩት ማሞቂያ ይተኛል› አለኝ። የመሣሪያ ሣጥኑን ለኔ ትቶ ሰኞ ሊሄድ ነበር። ‹ይህን ሞተር ሳልጨርስ ዳኛቸው እንዳይሰማ፣ ይጨነቃል› ብሎ አደራ አለኝ።»

«ስትደርስ ማብሪያው እንዴት ነበር?»

«ዳኛቸው ጮኾ ጠርቶኝ መጣሁ። በርቶ ነበር፤ በደረቅ እንጨት መትቼ አጠፋሁት። ጨርቅ አልነበረበትም።»

ዋናው ማብሪያ ያለው በበርበሬው ወፍጮ ክፍል፣ በግድግዳው ላይ ነው። በመሐል ግንብ ስላለ ከዚያ ሆኖ ሞተሩ አይታይም። በርበሬ የምትፈጨው ብርቄ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ እንደጠመጠመች በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እጇ እስከ ክርኗ ቀልቷል።

«ካሴ መብራቱን ሲያጠፋ የኔም ወፍጮ ቆመ» አለች። «ቀዩን ጨርቅ ሲቋጥር በዓይኔ አይቻለሁ። ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ? ውኃ ልቀዳ ወረድኩ።»

«የጀመርሽው በርበሬስ?»

ብርቄ ወደ በሩ አየች። «ግማሹን ወፍጮው አፍ ላይ ትቼው ነበር። ስመለስ... ተፈጭቶ አገኘሁት። መፈጨት ከተባለ! እንዲያ ተፈነካክቶ ብሰጣት ባለቤቷ ፊቴ ላይ ትደፋው ነበር።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«እጄን እዩት እንጂ፣ እመቤቴ! በዚህ እጅ ማን ያምነኛል?»

«ዓይንሽን ግን አላቃጠለሽም።»

«ዓይኔን?» ብርቄ በድካሟ መሐል ፈገግ አለች። «በርበሬ ፈጪ ዓይኗን አታሽም። ያሸች እንደሆን በዚያው ቀን ሥራውን ትለቃለች።»

ፀሐይዋ ወደ ጋራው ስታዘቀዝቅ ሙሉወርቅ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መምሬ በርጩማ ተሰጣቸው፤ እሜት አሰለፈች መሬት ላይ ተቀመጡ። ዳኛቸው መሐረቡን እንደያዘ አጥሩን ተደግፏል።

«ካሴ ራሱን አልገደለም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ቀለበቱንና ሰዓቱን አውልቆ ኪሱ ውስጥ ቆልፎባቸዋል። ብረት ኤሌክትሪክ እንዳይስብበት ነው። በኤሌክትሪክ ሊሞት የወሰነ ሰው ከኤሌክትሪክ አይጠነቀቅም።»

መምሬ መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ዋናውን ማብሪያ አጥፍቷል፤ ጨርቁንም ቋጥሯል፤ ብርቄ አይታለች። ታዲያ ጨርቁ እንዴት ኪሱ ገባ? ራሱ ፈትቶት ቢሆን በዚያ እጁ ግራሶ ይነካው ነበር። ጨርቁ ላይ ግራሶ የለም፤ በርበሬ አለ። እሜት አሰለፈችን ያቃጠላቸው ሐዘን ብቻ አልነበረም።»

ሰው ሁሉ ወደ ብርቄ ዞረ። ብርቄ እጇን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች።

«ብርቄ ውኃ ወርዳ ነበር። በሌለችበት አንድ ሰው በርበሬ ለመፍጨት ገባ። መፍጨቱን ስለማያውቅበት አበላሸው። እጁ በርበሬ መንካቱን ረስቶ ዓይኑን አሸ። በኋላ እጁን ቢታጠብም ዓይኑ አልረሳለትም።» ድምፅዋ አልጨመረም። «አቶ ዳኛቸው፣ ሰው ሲያዝን በሁለት ዓይኑ ያለቅሳል። እርስዎ ከጠዋት ጀምሮ ለምን በአንዱ ብቻ ያለቅሳሉ?»

ዳኛቸው መሐረቡን አወረደ።

«ገበያተኛው ደጄ ላይ ይጮኻል» አለ። «‹በርበሬያችንን ስጠን፣ መንገዳችን ሩቅ ነው› ይላል። ‹ካሴ!› ብዬ ጠራሁ። ድምፅ የለም። ወጥቷል አልኩ። ጨርቁን ፈትቼ አበራሁት። ጥቂት ፈጭቼ ወደ ውስጥ ስገባ...»

«የካሴ ጆሮ እኮ አይሰማም!» አበባው ጮኸ። «የአውሮፕላን ጩኸት የበላው ጆሮ ነው! አገር ሁሉ ተጠግቶ ነው የሚያናግረው። አምስት እርምጃ ገብተህ ማየት አቃተህ?»

«ጨርቅ ነው ብዬ ነው... ተራ ጨርቅ። ሞቶ ሳየው ደነገጥኩ። እጁ ከሞተሩ ተላቆ ወድቆ ነበር፤ ጨርቁን ኪሱ ከተትኩና... ሰዉ ራሱን ነው ሲል እኔም አልኩ።»

«ሰዉ አላለም» አለች ሙሉወርቅ። «መጀመሪያ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

እሜት አሰለፈች ሰው ሳይደግፋቸው ተነሡ። ዳኛቸው ፊት ሄደው ቆሙ። አልጮኹም።

«የገደልከው ሳታውቅ ነው» አሉት። «ፍትሐቱን ስትከለክለው ግን ታውቅ ነበር።»

መምሬ ወልደ ሩፋኤል ከበርጩማቸው ተነሥተው መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። «ዲያቆናቱን ጥሩልኝ» አሉ። «ገንዙት።»

በሚቀጥለው ገበያ ሙሉወርቅ በዚያ በኩል ስታልፍ የወፍጮ ቤቱ ደጅ በሰው ተሞልቶ አየች። ዳኛቸው ፍርድ ቤት እስኪቀርብ በጣቢያ ነው፤ ሚስቱ ናት የከፈተችው። ወፍጮው ግን ዝም ብሏል። ማብሪያው ላይ ከአሮጌ ሻሽ የተቀደደ ቀይ ጨርቅ ተቋጥሯል።

ጤፍ የጫነ አንድ ሰው ተሰላቸ። «ይቺን ፈትቶ ማብራት ያቃታችሁ ምን ሆናችሁ ነው?» ብሎ እጁን ሰነዘረ።

ብርቄ ከበርጩማዋ እንዳለች በቀዩ እጇ የእጁን አንጓ ያዘችው። «የቋጠረው ይፍታው» አለችው።

ሰውየው የእጇን ቅላት አየና ተወው። ማንም አልሳቀም፤ ማንም አላጉረመረመም።

አበባው የካሴን ሞተር ጨርሶ፣ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ከውስጥ ወጣ። እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ታጥቦም በሸሚዙ አደረቀ። ከዚያ ጨርቁን ፈትቶ በደረት ኪሱ አስገባና ቆለፈበት። ወፍጮው ሲጮኽ ሙሉወርቅ እዚያው ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ ወደ ዳገቱ ቀስ ብላ መውጣት ጀመረች።