ወለላ፣ ጉንፋንና የተከፈተው መስኮት

እስኪ ጠጋ በሉ። እጃችሁን ታጥባችኋል? ጎሽ! እንግዲያው ልንገራችሁ።

ወለላ የምትባል ልጅ አለች። ትናንት ታላቅ እህት ሆነች!

እማዬ ሆስፒታል ሄዳ ማሙሽን ወለደችው። ማሙሽ ገና ስም እንኳን አልወጣለትም።

«አባዬ፣ ዛሬ ማሙሽን እስመዋለሁ!» አለች ወለላ። «ስሞሹን ይዤለታለሁ። እዚህ፣ ኪሴ ውስጥ ነው።»

«እንዳይወድቅብሽ ታዲያ!» አለ አባዬ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ።

ወሩ ኅዳር ነው። ብርዱ አይጣል ነው! መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል።

«ሃ… ሃ… ሃጥሽ!» አሉ ወተት የሚሸጡት እማማ ጥሩነሽ።

«ይማርዎት!» አለች ወለላ።

«ያኑርሽ፣ የኔ ልጅ!»

«ሃ… ሃ… ሃጥሽ!» አለ ባለጋሪው።

«ይማርህ!» አለች ወለላ።

«ያኑርሽ፣ ቆንጂት!» ፈረሱ ግን ምንም አላለም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጋሽ ደርብ ቆመዋል። ጋሽ ደርብ የእነ ወለላ ጎረቤት፣ የበሩም ጥበቃ ናቸው።

ወለላ እንደ ልማዷ ልትስማቸው ሮጠች። ጋሽ ደርብ ግን ምን ዘረጉላት? ክርናቸውን!

«ዛሬ መሳሳም የለም፣ የኔ እመቤት። ሰላምታው በክርን ነው። ጉንፋን እንዳይገባ እየጠበቅን ነው!»

ጠቅ! ክርን ለክርን ሰላም ተባባሉ።

«ጋሽ ደርብ፣ ጉንፋን ሰው ይይዛል እንዴ?»

«እንዴታ! አንዴ ከያዘማ ቶሎ አይለቅም!»

ወለላ ክው አለች። ሰው የሚይዝ? ማሙሽ እኮ ትንሽዬ ነው! ሮጦ እንኳን አያመልጥም!

«ወንድሜን አይይዘውም!» አለች። እጇን በሳሙና ታጠበችና ፏ! ፏ! ፏ! ጉንፋንን ፍለጋ ገባች።

ግቢው ውስጥ ሁሉም ተፍ ተፍ ይላል። አልጋ ይገፋል፣ ሲጥ! ሲጥ! ብርድ ልብስ ይራገፋል፣ ዷ! ዷ!

የሚያስሉ ሰዎች ለብቻቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ነርሶቹ ማስክ አድርገዋል፤ ሲስቁ የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው።

ወለላ አግዳሚ ወንበሩ ሥር አጎንብሳ አየች። «ጉንፋን፣ ጉንፋን፣ የት ነህ?» የለም!

በሩ ጀርባ አየች። «ጉንፋን፣ ጉንፋን፣ የት ነህ?» እዚያም የለም!

ቀና ስትል ግን… ወይ ጉድ! መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል!

«ጋሽ ደርብ በሩን ይጠብቃሉ፤ መስኮቱን ማን ይጠብቅ?» አለች ወለላ።

ቤት ውስጥ ምን ይባላል? «መስኮቱን ዝጉ፣ ብርድ ይመታናል!» አውቶቡስ ውስጥስ? «መስኮቱን ዝጉ፣ ብርድ ይመታናል!»

አባዬ የእማዬን ክፍል እየጠየቀ ነው። ወለላ አንዱን መስኮት ግው! ሌላውን መስኮት ግው! ያንንም ግው!

«ማነው መስኮቴን የዘጋብኝ?» የሚል ድምፅ መጣ። ሲስተር ብርቄ ናት፤ ማሙሽን ያዋለደችው ነርስ።

«እኔ ነኝ!» አለች ወለላ ደረቷን ነፍታ። «ጉንፋን እንዳይገባ!»

ሲስተር ብርቄ ከት ብላ ሳቀች። «የኔ ማር! ጉንፋን በመስኮት አይገባም። በሳል ነው የሚገባው፣ በእጅ ነው፣ በመሳም ነው። መስኮቱንማ የከፈትነው እንዲወጣልን ነው!»

«ታዲያ አሁን የት ነው ያለው?»

ወለላን አፍንጫዋን በላት። «ሃ… ሃ… ሃጥሽ!»

«ይማርሽ!» አለ ከኋላዋ የደረሰው አባዬ።

ወለላ ግን «ያኑርህ» አላለችም። ዓይኗ ፈጠጠ። ጉንፋን ተገኘ! እሷኑ ይዟታል!

ሲስተር ብርቄ ግንባሯን ዳሰሰቻት። «ሞቅ ብሎሻል፣ የኔ ልጅ። ዛሬ ማሙሽ ጋ አትገቢም።»

የወለላ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ስሞሹስ? ይዤለት መጥቼ?»

አባዬ እንባዋን ጠረገላት።

ወለላ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ስለ ማሙሽ አሰበች። ትንሽዬ ነው። ሮጦ አያመልጥም።

«በቃ አልስመውም» አለች። «ስሞሹ ላይ ጉንፋን አለበት። እስኪለቀኝ ድረስ አስቀምጥለታለሁ።»

«አንጀቴን በላሽው!» አለች ሲስተር ብርቄ። ለወለላ ትንሽ ማስክ አደረገችላት። «በይ አሁን መስኮቶቼን ክፈቺልኝ። ከዚያ ውጭ የጽዱ ዛፍ ሥር ሄዳችሁ ቁሙ።»

ወለላ አንዱን መስኮት ወለል! ሌላውን መስኮት ወለል! ያንንም ወለል!

ከዚያ ጽዱ ሥር ቆሙ። አባዬ ወለላን ትከሻው ላይ አወጣት።

ራቅ ብሎ፣ በተከፈተው መስኮት፣ ማን ብቅ አለ? እማዬ!

እቅፏ ውስጥስ? ማሙሽ! ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። አፉን በሰፊው ከፍቶ አዛጋ።

«አባዬ፣ አየኸው? ጥርስ የለውም!» አለች ወለላ።

ማሙሽ አፍንጫውን ጨምደድ አደረገ። «ጥሽ!»

«ውይ! ጉንፋን ያዘው!»

«አልያዘውም!» አለች ሲስተር ብርቄ ከመስኮቱ። «ሕፃን አፍንጫውን የሚያጸዳው እንዲህ ነው።»

ወለላ እፎይ አለች። ከዚያ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች፦ «ይማርህ!»

ማሙሽ መናገር አይችልም። ስለዚህ እማዬ መለሰችለት፦ «ያኑርሽ፣ እትዬ!»

እትዬ? እትዬ! «አባዬ፣ ሰማህ? እትዬ አለኝ! እኔን እኮ ነው!»

ወለላን ጉንፋኑ እስኪለቃት ድረስ እማዬና ማሙሽ አያቷ ቤት ሰነበቱ። ወለላ ከአባዬ ጋር ቤት ሆና ሾርባዋን ጠጣች፣ ተኛች፣ ክርኗ ላይ አስነጠሰች።

አንድ ቀን ጠዋት ብታዳምጥ፣ ሳል የለም። «ሃጥሽ» የለም። «አባዬ! ጉንፋን ለቀቀኝ!»

በሌላው ቀን ማታ እማዬ ማሙሽን ይዛ ቤቷ ገባች።

ወለላ እጇን ታጠበች፣ ፏ! ፏ! ፏ! እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተችና ስሞሹን አወጣችው። የማሙሽን ትንሽዬ እግር… እምጷ!

ማሙሽ እግሩን ሰብሰብ አደረገ። እንቅልፍ ይዞታል።

እማዬ መስኮቱን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች። «ትንሽ ይከፈት፣ እማዬ» አለች እትዬ ወለላ፣ እያዛጋች። እማዬም ገርበብ አደረገችው።

እናንተስ? አስነጠሳችሁ እንዴ? ይማራችሁ! በሉ መልሱልኝና ተኙ።