የተቆለፈው አይሱዙ

ኢንስፔክተር ሀብትነሽ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም። ጋሼ ገደፋው በሰማያዊው አይሱዙ ካቢንና ሞተር መካከል ተጣብቆ፣ ግማሽ አካሉ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። እግዜር ይማረው! አስቸኳይ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ሁሉ የሚያከብረው ሰው ነበር፤ መጨረሻው እንዲህ ይሁን?

«ሞተሩን ለማየት የገለበጠው ካቢን ነው ተመልሶ የወደቀበት፤ ቸኩሎ መደገፊያ አላስገባም። እናንሳው እንዴ ኢንስፔክተር?» አለ አንዱ ፖሊስ።

«ቆይ! ማንም እንዳይነካ።»

ሀብትነሽ ችኮላ የሚባል አይሆንላትም። የጭነት መኪና ማቆሚያውን ግቢ በዓይኗ አዳረሰችና መኪናውን ዞረችው። መሬት ላይ በተነጠፈ ኬሻ ከካቢኑ የወጡ ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ ፔርሙዝ፣ ብርድ ልብስ፣ የጎማ መፍቻ። ከዕቃው ዳር ንጹሕ ነጭ ፎጣ ታጥፎ ተቀምጧል፤ በላዩ ግን ምንም የለም። የካቢኑን በሮች ሞከረቻቸው፤ ሁለቱም ተቆልፈዋል። በመስኮቱ አጮልቃ ስታይ አንዲት ትንሽ ሥዕለ ማርያም በእንጨት እግሯ ዳሽቦርዱ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«አሁን አንሱት። ዓይናችሁ ግን ሥዕሏ ላይ ይሁን።»

ካቢኑ ወደ ፊት ገና ማዘንበል ሲጀምር ሥዕሏ በጀርባዋ ወደቀችና መስታወቱን ቋ አደረገችው። ፖሊሶቹ አማተቡ። ሬሳውን አውርደው ጋቢ አለበሱት፤ ከሱሪው ኪስም የአይሱዙው ቁልፍ ተገኘ።

ጥበቃው አያ ክንዱ ቅዳሴ ሄደው ነበር፤ በሩን ገርበብ አድርገው መተዋቸውን ሲናገሩ አንገታቸውን ደፉ። «ስመለስ ውዳሴ እየሮጠች ስትወጣ አየኋት። ያየሁትን ነው የምናገር።»

ይህ ለፖሊሱ በቂ ነበር። «ልጅቱን እንያዛት እንጂ! ትናንት ሻይ ቤት ስትሰድበው ሰው ሁሉ ሰምቷል» አለ። ውዳሴ አስተማሪነቷን ትታ ወደ አስቸኳይ ጭነት ሥራ ልትገባ የተነሣች ልጅ ናት፤ ባለቤቱ ሰይፈ ሊሸጥላት የነበረውም ይኸው አይሱዙ ነው። ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ቆመውባታል። ከዛሬ በኋላ መኪና ቀርቶ ፀሐይ ማየቷም አጠራጣሪ ነበር።

«ትናንት ምን አልሽው?» አለቻት ሀብትነሽ።

«ምቀኛ ነዎት አልኳቸው።»

«ለምን?»

«ምክር ጠይቄያቸው ነበር። ‹ገበሬው አቦካዶውን ዛሬ ለቅሞ ነገ አዲስ አበባ ይግባልኝ ይልሻል፤ መኪናሽ ጤነኛ ካልሆነ ቃል አትግቢ። የመመለሻ ጭነት ሳትይዢ አትውጪ። እንቅልፍ ከመጣ ጭነቱ ይበስብስ እንጂ አቁመሽ ተኚ› አሉኝ። ደስ ብሎኝ ስሰማ ቆየሁ። በመጨረሻ ግን ‹ይኼን አይሱዙ እንዳትገዢ፤ ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አይቼ ምክንያቱን እነግርሻለሁ› ሲሉኝ፣ ገበያቸውን እንዳልሻማቸው ፈርተው መሰለኝ። ጠዋት ልሰማቸው ስመጣ ሞተው አገኘኋቸው። ሰው ልጠራ ነው የሮጥኩት!»

«ካቢን ስለመገልበጥስ የነገሩሽ አለ?»

ውዳሴ እንባዋን ጠረገች። «እንደ ተማሪ ሁለቴ አስደግመውኛል። ‹መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ሁሉ አውጪ፤ አለዚያ ዕቃው ተንዶ መስታወቱን ይሰብርብሻል። በሩ ተከፍቶ እንዳይገነጠል ቆልፊና ቁልፉን ኪስሽ ክተቺ። መደገፊያው ብረት ሳይገባ እጅሽን ወደ ሞተሩ እንዳትሰጂ።›»

ቀጥሎ የቀረበው አሸናፊ ነው፤ እሱም የአስቸኳይ ጭነት ሹፌር፣ ለጋሼ ገደፋው ተፎካካሪ።

«የሱ ጭነት አሁን ለማን ይደርሳል?»

«ለእኔ ነዋ! ታዲያ አቦካዶው ይበስብስ?»

«የዚህን አይሱዙ ቁልፍ ይዘህ ታውቃለህ?»

«ሰይፈ ለወንድሙም አይሰጥ፣ እንኳን ለእኔ!»

ባለመኪናው ሰይፈ ጫማውን አስጠርጎ፣ ፊቱን አጨፍግጎ መጣ።

«ጠዋት የት ነበሩ አቶ ሰይፈ?»

«ፍኖተ ሰላም፣ ቤቴ። ስልክ ሲደወልልኝ ነው የመጣሁት። ምን ዓይነት ጉድ ነው!»

«መኪናው ስንት ቁልፍ አለው?»

«ሁለት። አንዱን ትናንት ውዳሴ መኪናውን እንዲያይላት ስትለምነኝ ለገደፋው ሰጠሁት። ሌላው ይኸው፤ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።»

«ሥዕለ ማርያሟስ?»

«የእናቴ ስጦታ ናት። ያለሷ መንገድ ወጥቼ አላውቅም» አለና ተሳለመ።

ሀብትነሽ አመስግና አሰናበተችው። ከዚያ በተገለበጠው ካቢን ሥር ገብታ፣ የመኪናውን አካል በሚሸከመው ብረት፣ ሻንሲው ላይ፣ ቀለሙ ከሌላው የደመቀበትን ቦታ በመፍቻ ፋቀችው። ወፍራም የብየዳ መስመር ብቅ አለ። አሸናፊን ጠርታ አሳየችው።

«ኧረ የድንግል ያለህ! ሻንሲው ተሰብሮ ነበር እኮ! ይኼ ጭኖ ዓባይ በረሃን ቢወርድ ለሁለት ነው የሚከፈለው።»

ያን ጊዜ ሁሉንም መኪናው ፊት አቆመቻቸው።

«ጋሼ ገደፋው ቸኩሎ ሞተ ብላችኋል» ብላ ጀመረች። «የቸኮለ ሰው ዕቃውን እንዲህ አይደረድርም። ብርድ ልብሱን ሳይረሳ መደገፊያውን ይረሳል? አይረሳም። ሞተሩ ላይ እንዳጎነበሰ ሌላ ሰው ነቀለበት። ማን? ፎጣውን እዩት። ኬሻ ላይ ይህን የመሰለ ንጹሕ ፎጣ ለምን ያነጥፋል? ሥዕሏን ሊያሳርፍበት ነው። ሥዕሏን ግን ያገኘናት ካቢን ውስጥ ቆማ ነው። ካቢኑ ሲነሣ ወዲያው ስትወድቅ አይታችኋል፤ እንግዲህ ከአደጋው በፊት እዚያ አልነበረችም። ካቢኑ ሰውዬው ላይ ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው ከመሬት አንሥቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ቦታዋ መለሳት፤ በሩንም መልሶ ቆለፈው።»

አያ ክንዱ «አቤቱ!» አሉ።

«ሟቹ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከትቷል፤ ያገኘነውም ከዚያው ነው። ውዳሴ ቁልፍ የላትም። አሸናፊም የለውም። ሌላኛው ቁልፍ ከኪሱ ወጥቶ እንደማያውቅ የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ሰይፈ ዞሩ።

«ትናንት ሲመሽ ደውሎ ‹ሻንሲውን ጠርጥሬዋለሁ፣ ጠዋት አይቼ ለልጅቱ እነግራታለሁ› አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ልለምነው ነው የመጣሁት። እምቢ አለ። ንዴት… ብረቱን…» ብረቱ የነበረበትን ቦታ በጣቱ አሳየ። «ስወጣ ሥዕሏን መሬት ላይ አየኋት። ትቻት መሄድ አቃተኝ።»

«ሰውዬውን ግን ትተኸው ሄድክ» አለችው ሀብትነሽ። አንቱታው ቀርቷል።

ሰይፈን አስረው ሲወስዱት ማንም አልተከተለውም። ውዳሴ ግራና ቀኝ የቆሙባት ፖሊሶች ለቀዋት ሲሄዱ እንኳ ልብ አላለችም፤ ዓይኗ ጋቢ የለበሰው ሬሳ ላይ ነው።

«በይ ወደ ቤትሽ ግቢ ልጄ» አለቻት ሀብትነሽ። «ነፃ ነሽ።»

«ባለቤታቸው ሰምተዋል?»

«ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ? ገና ናት። መርዶውን ሽማግሌዎች ያረዷታል።»

«ሽማግሌዎቹ ይቅደሙ፤ እኔም አብሬ እገባለሁ። ምቀኛ ነዎት ያልኳቸው በዚሁ አፌ ነው። ለእኔ ሲሉ እንደሞቱ ባለቤታቸው ከዚሁ አፍ ይስሙ።»

ሀብትነሽ ልትከለክላት አስባ ነበር፤ አንጀቷ አልችል አለ። ልጅቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ከአያ ክንዱ ኋላ ኋላ ወደ ሟቹ ቤት መንገድ ጀመረች።