ኩራዞቹ ተራ በተራ የደመቁባት ምሽት

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ስለ ጂኒ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ወሬ የማስቀይር፣ ቸርች ውስጥ እንኳ ስለ አጋንንት ሲሰበክ ሰዓቴን የማይ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ይህን የምነግርህ ቢቸግረኝ ነው።

እጃጂ ሳስተምር ከደጀኔ ጋር የኦቦ ቶለራን ቤት በጋራ ተከራይተን ነበር፣ እሱም የፊዚክስ አስተማሪ ነው፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሰውየውን ጠልቼው ነበር። ምክንያቱን ስማ፤ ፈተና ላይ «ማንኛውም ፕላኔት በኮከብ ዙሪያ ይዞራል፣ እውነት ወይስ ሐሰት» ብዬ ጠየቅኩ፣ አንዲት ተማሪ «ሐሰት» ብላ መለሰች፣ ኤክስ አደረግኩባት። ደጀኔ ሆዬ አምቦ ኢንተርኔት ቤት ፕሪንት ያስደረገውን ወረቀት አስይዞ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ላካት፣ ፀሐይ የሌላቸው፣ በጨለማ ውስጥ ብቻቸውን የሚንከራተቱ ፕላኔቶች ተገኝተዋል የሚል። ተማሪ ፊት ማርኩን እንዳስተካክል ተደረግኩ፣ አንተ ብትሆን ይህን ትረሳለህ?

ያን ቀን ከሰዓት ደግሞ ስታፍ ውስጥ ሊያስተምረኝ ቁጭ አለ!

«በዓይን አይታዩም» አለኝ፣ «በሩቅ ኮከብ ፊት ሲያልፉ ግን ስበታቸው ብርሃኑን ይሰበስበዋል፣ ኮከቡ ለትንሽ ጊዜ ይደምቅና ይመለሳል፣ የሚታወቁት በዚህ ነው። አንዴ ካለፉ አይመለሱም፣ የሚዞሩበት የላቸውማ።»

«ጨረስክ?» ብዬው ወጣሁ።

ማታ እሱ ሳይመጣ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት፣ ይቅርታ ካልጠየቀኝ ውጭ ይደር ብዬ። ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ መብራት ሄዷል፣ ሻማ ይዤ በመስኮት ቁልቁል መንገዱን አያለሁ። የሥጋ ቤቱ ፋኖስ በድንገት ቦግ አለና ወደነበረበት ተመለሰ። ቀጥሎ የልብስ ሰፊው ኩራዝ፣ ከዚያ የኪዮስኩ ኩራዝ፣ እመነኝ፣ አንድም ሳይዘል ተራ በተራ፣ ዳገቱን ወደ እኛ እየወጣ። ከድምቀቱ ፊት ፊት አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ይሮጣል።

በሩ ተደበደበ። «ክፈት! የሆነ ነገር እየተከተለኝ ነው!» ደጀኔ ነው።

«መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቅ!»

«ይቅርታ! ይቅርታ ወንድሜ፣ በእናትህ ክፈት!»

ትንሽ ይለምን አልኩ። አዎ፣ እንደዚያ አልኩ።

ያኔ የያዝኩት ሻማ ደመቀ፣ ነበልባሉ ሳያድግ ብርሃኑ ብቻ ቤቱን ሞላው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር ሁሉ አየሁ፣ ከዚያ መለስ አለ። በሩን ስከፍት የደጀኔ ባትሪ እንደበራ መሬት ላይ ወድቋል፣ ደጀኔ ግን የለም።

ኦቦ ቶለራ ከጓሮ መጡ። «ባርሲሳ» አሉኝ፣ አስተማሪ ማለታቸው ነው፣ «ሲለምንህ ሰምቻለሁ።»

ፖሊስ ፈልጎ አጣው፣ እጃጂ ላይ ሰላም የሚለኝ ጠፋ፣ ጊንጪ ተዛወርኩ። ከዚያ ወዲህ በሬን ቀርቅሬ አላውቅም።

ደጀኔ አንዴ ካለፉ አይመለሱም ነበር ያለኝ። ባለፈው ሐሙስ መብራት ሄዶ በሻማ ፈተና ሳርም፣ ማዶ ያለው የሻይ ቤት ፋኖስ ቦግ ብሎ መለስ አለ፣ ቀጥሎ የጎረቤቴ። ሮጬ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

«ደጀኔ፣ ግባ» አልኩ።

ማንም አልገባም፣ ሻማዬ ግን ደመቀ፣ ቀልጦ እስኪያልቅም ወደነበረበት አልተመለሰም፣ የመጣው ነገር አላለፈማ።