የሃይሚ ስም ያልወጣበት መጽሔት

ጉልላት በዕድሜው ማንንም እምቢ ብሎ አያውቅም። ሶዶ ከተማ ውስጥ ኮሚቴ በተቋቋመ ቁጥር ጸሐፊ ሆኖ የሚመረጠው እሱ ነበር። ጽሕፈቱ ቢያምርም የሚመርጡት ለጽሕፈቱ አልነበረም፤ ሲመርጡት ዝም ስለሚል ነው። ሚስቱ ፈጠነች የጉኑኖ ልጅ ናት። ቅቤ ትነግዳለች፣ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች፤ ዝምታ ግን አልተማረችም። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ስለትና ልመና በኋላ፣ ሃይሚ የምትባል አንዲት ልጅ ተሰጠቻቸው። አንድ ልጅ... አንድ ብቻ! ለወላጅ ስስት ከዚህ የበለጠ ምን ምክንያት ያስፈልጋል?

ይህን ቤት ያፈረሰችው አውሮፕላን ናት ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ሲጀመር ግን በጎ ነበር። አንድ ዓመት በጊፋታ ሳምንት፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ በሚከበርበት ሰሞን፣ የአንበጣ መድኃኒት ልትረጭ የመጣች ትንሽ አውሮፕላን ሞተሯ አስቸግሯት አባያ ሐይቅ ዳርቻ ላይ አረፈች። ሰዉ ሦስት ቀን ከቦ አያት፤ አብራሪውንም ሥጋና ቆጮ አበላው። እሱም ሲሄድ ለምስጋና ከሐይቁ በላይ ሦስት ጊዜ ዞረ። በዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ ሕዝቡ ማንም ሳይጠራው ዳርቻው ላይ ተሰብስቦ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ዋለ። አብራሪውም ይሉኝታ ይዞት መጣ። የአውሮፕላን ትርዒት አዘጋጅ ኮሚቴ የተቋቋመው በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ሁለት ዓመት ያለ ኮሚቴ መሳካቱ ብዙዎችን አሳስቦ ነበር።

ጉልላት እንደተለመደው ጸሐፊ ሆነ። ከዚያ ሌላ አንድ ሥራ ነበረው፦ አብራሪው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ከላይ እንዲያይ እርጥብ ቅጠል ማጨስ። በአሥረኛው ዓመት ለክብር እንግዶች ድንኳን ተተከለ፤ ጭሱም ወደ ድንኳኑ ሄደ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሐብተማርያም መጥቶ እንግዶቹ እያሳሉ መሆኑን ነገረው። ጉልላት እምቢ አላለም። እሳቱ ላይ አንድ ጀሪካን ውሃ ደፋበት። አውሮፕላኗ ነፋሱን ከኋላዋ አድርጋ ወረደች፤ መቆም አቃታት፤ የማረፊያው መጨረሻ ላይ በኖራ የተሰመረውን መስመር አልፋ ሄደች... ከመስመሩ ማዶ ሃይሚ ነበረች። በደንብ እንድታይ ብሎ እዚያ ያስቀመጣት አባቷ ራሱ ነው። ስምንት ዓመቷ ነበር። ሌላ ሰው አልተነካም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ ለምን እሷ ብቻ? ማን ይመልሳል?

ፈጠነች የእሳቱን ነገር ስትሰማ ደረቷን ደቃች እንጂ ትዳሯን አልጣለችም፤ ሰው ይሳሳታል አለች። ትዳሯን ያስጣላት ወረቀት ነው። በልጅቷ አርባ ማግስት ኮሚቴው መግለጫ ለጠፈ። ፈጠነች ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፦ «በአንዲት ሕፃን ላይ አነስተኛ አደጋ ደርሷል»። ከሥሩ የጸሐፊው ፊርማ አለ። ፊርማው ያምር ነበር።

«አንዲት ሕፃን ማን ናት?» አለችው ቤት ገብታ።

ጉልላት መግለጫውን ሰብሳቢው ያዘጋጀው መሆኑን፣ ስም ይቅር መባሉን ሊያስረዳ ሞከረ።

«ኮሚቴው ስሟን አያውቅም እንበል። አንተም ረሳኸው?»

ልብሷን ቋጥራ ጉኑኖ፣ ወንድሟ ቶማ ቤት ገባች።

ሦስት ዓመት አለፈ። ሐዘን ብቻውን አይበቃም ተብሎ ይመስል የጉልላት ኩላሊቶች ደከሙ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደሙን በመሣሪያ እያሳጠበ የሚኖር ሰው ሆነ። በዚህ መካከል የተቋረጠው ትርዒት እንደገና ሊካሄድ ሆነና ታሪኩ በመጽሔት ይውጣ ተባለ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነበረ ሰው ሲፈለግ ጉልላት ተገኘ። ጊፋታ ደግሞ እየቀረበ ነው፤ በጊፋታ የተጣላ ሰው ካልታረቀ ከአንድ ገበታ አይቆርስም። ጉልላት ቶማን ሦስት ጊዜ ለሽምግልና ላከው።

«ጋሼ ጉልላት፣ በሬ ቢያርዱላትም አትመጣም» አለ ቶማ በሦስተኛው። «መጽሔቱ ላይ የልጄን ስም ይጻፍ፣ ያን ጊዜ ራሴ ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ ብላለች። ይጻፉላትና እኔንም ይገላግሉኝ፤ እግሬ አለቀ እኮ።»

ጉልላት ጻፈ። ሐብተማርያምንም ስሟ ካልወጣ ጽሑፉን አልሰጥም አለው። በሕይወቱ የመጀመሪያው እምቢታ ነበር። ሰብሳቢው እሺ አለ፤ ቶማም የምሥራቹን ይዞ ጉኑኖ ወረደ።

ትርዒቱ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ሦስት መቶ መጽሔት ታትሞ መጣ። ኮሚቴው ቢሮ ስለሌለው ካርቶኖቹ ጉልላት ቤት ተራገፉ። አንዱን ገለጠ። «በአሥረኛው ዓመት በነፋስ ምክንያት ትርዒቱ ለጊዜው ተቋረጠ» ይላል። ሃይሚ የለችም። ሐብተማርያም በስልክ፣ በበዓል መርዶ እንደማይነገር፣ ጉልላትም ይህ የማይጠፋው አስተዋይ ሰው መሆኑን ነገረው።

ፈጠነች ግን ዓርብ ትመጣለች! ምን ይዞ ይቀበላት? ጉልላት እስክሪብቶ አነሳና በመጀመሪያው መጽሔት ኅዳግ ላይ ጻፈ፦ «ሃይሚ ጉልላት። ስምንት ዓመቷ ነበር። እሳቱን ያጠፋሁት እኔ አባቷ ነኝ።» ሁለተኛውን አነሳ። ሦስተኛውን... ረቡዕ ደሙን የሚያሳጥብበት ቀን ነበር፤ አልሄደም። ሐሙስ እግሩ አበጠ፣ ትንፋሹ አጠረ፤ ጎረቤት ሐኪም ቤት እንውሰድህ ቢለው እምቢ አለ። እምቢ ማለት ለምዶ ነበር።

ዓርብ ረፋድ ላይ ፈጠነች ከባጃጅ ወርዳ ገባች። ባሏ ካርቶን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አብጦ ለማወቅ ተቸገረች።

«ስልሳ ሁለት ቀርቷል» አላት።

ራሱን ጭኗ ላይ ስታደርገው ትንፋሹ ቆመ። ለሦስት ዓመት ያጠራቀመችውን ንግግር ለማን ትንገረው? እስክሪብቶው እጁ ውስጥ ነበር። መጽሔቱን ገለጠች፤ በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበች። ጎረቤት ሊያለቅስ ግር ብሎ ሲገባ በእጇ አስቆመችው።

«ቆዩ» አለች። «አልጨረስንም።»

እሷም ከሬሳው አጠገብ ተቀምጣ በአራተኛ ክፍል ጽሕፈቷ ስልሳ ሁለቱንም ጻፈች። ለቅሶው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ዕድል ምንኛ ጨካኝ ነው! እምቢ ማለት ያልቻለ ሰው ልጁን አጣ፤ እምቢ ማለት በቻለ በሳምንቱ ደግሞ ራሱን። ቅዳሜ ጉልላት ሲቀበር አውሮፕላኗ ከአባያ በላይ ትዞር ነበር፤ የክብር እንግዶችም ድንኳናቸው ውስጥ፣ ኮሚቴው ካርቶኖቹን ሳይፈትሽ አስጭኖ ያደለውን መጽሔት ገለጡ። ለአብዛኞቹ የደረሰው ባማረ እጅ የተጻፈው ነው። ለጥቂቶቹ ግን ጽሕፈቱ የተንጋደደው ደረሳቸው፤ በእሱ ላይ ስለ እሳት የተጻፈ ነገር የለም። እንዲህ ብቻ ይላል፦ «ሃይሚ ጉልላት። ስምንት ዓመቷ ነበር። አባቷ በጣም ይወዳት ነበር።»