የፌንጣዋ እግር

«እዚህ ጋ ደግሞ ምን ጠብ ብሏል?» አለ አባቷ ማውሱን እያንቀሳቀሰ።

ሚጢ ከጉርድ ፎቶ መቁረጫው ቀና አለች። ፌንጣዋ ስክሪኑ ላይ ድመት አክላለች። ነገ በትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን መግቢያ የሚሰቀለው አንደኛ የወጣ ፎቶ ነው። ከሥሩ የእሷና የጓደኛዋ ስም፣ ቀጥሎም «እንስሳው ሳይነካ የተነሳ» የሚል ጽሑፍ አለ። አባቷ ፎቶ ቤት ስላለው ማተሙ ለእሱ ተሰጥቷል።

ጓደኛዋን ሁሉም የሚጠራት ቆቅ እያለ ነው፤ ከሩቅ ጉንዳን ታያለች። ሁለቱ የአሮጌ ካሜራ ሌንስ ስልክ ላይ በፕላስተር ለጥፈው ነፍሳት ያነሳሉ። ኩሬው ሲሞላ ደግሞ ስልኩን አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ከተው ውሃው ውስጥ እየዘፈቁ የእንቁራሪት እጭ ያሳድዳሉ። አንድ ሕግ አላቸው፤ እንስሳው አይነካም፣ አይታሰርም፣ ፍሪጅ ገብቶ አይደነዝዝም። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ቆቅ ናት፤ ነፍሳትን አደንዝዘው የሚያነሱ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ አይታ ሁለት ቀን አኩርፋ ነበር።

ለዚህች ፌንጣ አሥራ አንድ ማለዳ ጤዛ ላይ ተንበርክከዋል፤ አሥራ አንድ ጊዜም ዘላ አምልጣቸዋለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሚጢን ጉንፋን ጣላትና ቆቅ ብቻዋን ሄደች። ይህን ፎቶ ይዛ ተመለሰች፤ ፌንጣዋ ጤዛ ለብሳ፣ በየጠብታው ውስጥ ትንሽ ፀሐይ። «ዝም ብላ ጠበቀችኝ» አለች። ሚጢ ይህን ላገኘችው ሁሉ አውርታለች፤ ባለሱቁ እንኳ አልቀረም።

አሁን አባቷ ያሳያትን ጠብታ ጠጋ ብላ አየች። ከፌንጣዋ የኋላ እግር ሥር ነው። ጤዛ ክብ ነው፤ ይሄ ግን ጠፍጣፋ ነው፣ ጫፉ ላይም ክር ስቦ ደርቋል። ሙጫ። ሌሎቹን እግሮች አየች፤ ሁሉም ሥር አለ።

አባቷ ምንም አልጠረጠረም። ሃያ ዓመት የሙሽራ ብጉር ሲያጠፋ የኖረ ሰው ነው። «ላጥፋው? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም» አላት።

ቆይ ብላው ቆቅ ጋ ደወለች።

ቆቅ ስትደርስ አባትየው ደንበኛ ሊያነሳ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ስክሪኑን አየች፤ አልካደችም። ፌንጣዋን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ፣ ስትደነዝዝ እግሮቿን በሙጫ አጣብቃት ነበር። ጤዛውም በመርጫ የተረጨ ውሃ ነው። የውድድሩ ማስገቢያ ቀን ደርሶ፣ ሚጢ ታማ፣ ምን ታድርግ? «ለሁለታችን ብዬ ነው» አለች።

«ከዚያስ? ለቀቅሻት?»

ቆቅ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረች። «ከሙጫው ላላቅቃት ስል... እግሮቿ እዚያው ቀሩ።»

ሚጢን ያንገበገባት የፌንጣዋ ነገር ብቻ አይደለም። ያን ቀን ቆቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፎቶውን ስታሳያት እንባዋ እስኪመጣ ደስ ብሏት ነበር። አሁን በዚያ ደስታዋ አፈረች። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ሲባል የትልልቅ ሰዎች ምሬት ይመስላት ነበር።

«አባትሽ ያጥፋው በቃ» አለች ቆቅ ቀስ ብላ። «ከእኔና ከአንቺ ሌላ ማን ያያል?»

እውነቷን ነው፤ ማንም አያይም። እንዲህ ያለውን ነገር ማየት የሚችሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አብረው ነው የተማሩት።

አባቷ ተመልሶ ወንበሩን ሳበ። «እህስ፣ ይጥፋ?»

«አታጥፋው አባዬ» አለች ሚጢ። ቆቅን ላለማየት ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። «ትልቁን ማተም ተወው። እግሯን ብቻ አጉልተህ አትምልኝ። ነገ ኤግዚቢሽኑን ለሚያዘጋጀው የባዮሎጂ መምህራችን የምሰጠው እሱን ነው።»

ቆቅ ቦርሳዋን አነሳች፤ ግን አልወጣችም። ማተሚያው መንጫጫት ሲጀምር ሁለቱም ኩሬው ዳር እንደሚያደርጉት ጎን ለጎን ቆመው ወረቀቱ እስኪወጣ ጠበቁ።